ከሞተር እስከ ጎማ ጉልበቱ የት ይገባል? ጥያቄና መልስ ከድሬዳዋ

ድሬ ላይ ካምቢዮና ዲፈረንሻል እሠራለሁ። ጠይቁኝ። ስትጠይቁ ግን የመኪናውን ዓይነት፣ ማኑዋል ወይም አውቶማቲክ መሆኑንና ቁጥሩ የት እንደተለካ ንገሩኝ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የመኪናዬ መጽሐፍ 100 የፈረስ ጉልበት ይላል። ጎማው ጋ ስንት ይደርሳል?

መልስ፦ የምን መኪና? ማኑዋል ነው አውቶማቲክ? የመጽሐፉ ቁጥር ሞተሩ ብቻውን ተለክቶ የተገኘ ነው። መለኪያው የሚያነበው ቶርክን ነው፤ የሞተሩን የማዞር ኃይል ማለት ነው። ጉልበቱ በስሌት ይወጣል፤ ቶርኩን በኒውተን ሜትር ይዘህ በደቂቃው ዙር አብዛ፣ ለ9,549 አካፍል። 150 ኒውተን ሜትር በ4,000 ዙር 63 ኪሎዋት ገደማ ይሆናል፤ 85 የፈረስ ጉልበት ማለት ነው። መኪናው ሮለር ላይ፣ ጎማው በሚያዞረው መለኪያ ላይ፣ ወጥቶ ሲለካ ግን የምታየው ካምቢዮ፣ ዲፈረንሻልና ጎማ ከወሰዱት የተረፈውን ነው።

ጥያቄ፦ ስለዚህ ሰው እንደሚለው ከሞተሩ ቁጥር 15 በመቶ እንቀንሳለን ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም። 15 በመቶ የሚባል ሕግ የለም። የካምቢዮና የዲፈረንሻሉ ጥርስ ዘይት ሲያማስል የሚባክነው ከፍጥነት ጋር ያድጋል። ጥርስ ከጥርስ ሲፋተግ የሚባክነው ደግሞ ከጭነት ጋር። ዘይቱ ሲቀዘቅዝ ኪሳራው ይጨምራል፤ የጎማ ነፋስ ሲጎድልም እንደዚያው። አንድ መኪና በአንድ ቀን ሁለት ቁጥር ሊሰጥህ ይችላል።

ጥያቄ፦ መኪናዬ ጉልበት የለውም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ የምን መኪና? መጀመሪያ ምን አልኩ?

አስተያየት ከሐረር፦ የኛ አየር ቀዝቃዛ ስለሆነ ሞተር ሐረር ላይ ይበረታል።

አስተያየት ከድሬ፣ ከዚራ ሰፈር፦ አቦ ተወን! የሚበረታው የደንገጎን ዳገት ቁልቁል ወደ ድሬ ስትወርድ ነው።

አስተያየት ከሐረር፦ ፔጆ 404 ሰው ሞልቶ ዳገቱን ሲወጣ አላየህም?

መልስ፦ ሁለታችሁም ረጋ በሉ። ቅዝቃዜ ይጠቅማል፣ ከፍታ ግን ይጎዳል። ቱርቦ፣ ማለትም አየር ገፍቶ የሚያስገባለት ዕቃ፣ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ወደ 10 በመቶ ያጣል። ሐረር ከድሬ 700 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች፤ ስለዚህ 7 በመቶ ያህል ይሄዳል። አየሩ 10 ዲግሪ ቢቀዘቅዝ የሚመለሰው 3 በመቶ ገደማ ነው። ድሬ ትበልጣለች።

404ን ካነሳችሁ አይቀር፣ እሱ ላይ ብዙ የምለው አለኝ። በ1960 ሲወጣ የተጻፈለት 72 የፈረስ ጉልበት በድሮው የአሜሪካ አለካክ ነው፤ ሞተሩ የሚያዞራቸው አንዳንድ ተጨማሪ ዕቃዎች ሳይገጠሙበት የሚለካበት። አሜሪካኖች ራሳቸው በ1972 አካባቢ ትተውታል። ከዛሬ መኪና ቁጥር ጋር አታወዳድሩት። ዲፈረንሻሉም ልዩ ነው። ብሎን የመሰለ ዘንግ የነሐስ ጥርስ ያዞራል። ጥርሱ ከመንከባለል ይልቅ ይንሸራተታል፤ ስለዚህ ይሞቃል። ያ ሙቀት ከሞተሩ የወጣ ጉልበት ነው። ዘይት ስትገዙ ለነሐስ የሚስማማ መሆኑን አረጋግጡ፤ አንዳንዱ የዲፈረንሻል ዘይት ያለው ኬሚካል ነሐስ ይበላል። አሮጌውን ስታፈሱ በጣታችሁ አሹት። ወርቅማ ብናኝ ከበዛበት ጥርሱ እያለቀ ነው። እባካችሁ ያገኛችሁትን ዘይት አትጨምሩበት።

ጥያቄ፦ ሰፊ ጎማ ባስገባስ?

መልስ፦ ጉልበት አይጨምርም።

ጥያቄ፦ ሮለር ላይ 80 አነበበልኝ። 15 በመቶ ጨምሬ የሞተሩን ላውቅ እችላለሁ?

መልስ፦ ከላይ አንብብ። 15 በመቶ የሚባል ሕግ የለም!

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ማኑዋል ቪትዝ አለኝ። ሞተሩን ላሠራው ነው። ለውጥ መኖሩን በምን ልወቅ?

መልስ፦ እህቴ፣ ጥያቄ እንዲህ ነው። ከሥራው በፊትና በኋላ በአንድ መለኪያ፣ በአንድ ማርሽ፣ በእኩል የጎማ ነፋስ አስለኪ። ሁለቱንም ጊዜ ዘይቱ ይሙቅ። የዕለቱን አየር ሙቀትና ግፊት የሚያካክስ ስሌት ተጠቅመው እንደሆነም ጠይቂ፤ አንዱ ላይ ካለ ሌላውም ላይ ይኑር። መጀመሪያ ግን መኪናውን በክሪክ አንሺና የፊት ጎማዎቹን በእጅ አዙሪ። ፍሬን ይዞ ከሆነ ሞተሩን ከመክፈትሽ በፊት እሱን አሠሪ።