ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ቤቴን ለአጭር ጊዜ እንግዳ ማከራየት እችላለሁ?

ጥያቄ፦ ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ የራሴ ቤት አለኝ። ከላይ ከቤተሰቤ ጋር እየኖርሁ ቤዝመንቱን ኤርቢኤንቢ በተባለው የእንግዳ ማደሪያ ማከራያ ድረ ገጽ ለማከራየት አስቤአለሁ። ከሰኔ እስከ መስከረም አዲስ አበባ ስለምንሄድ በዚያን ጊዜ ሙሉውን ቤት፣ ከዚህም ሌላ በከተማው ውስጥ ያለኝን ኮንዶ በዚሁ መንገድ ማከራየት እፈልጋለሁ። ሕጉ ይፈቅድልኛል?

መልስ፦ ኮንዶውን አይፈቅድልዎትም፤ ሌሎቹን በሁኔታ ይፈቅድልዎታል። ከተማው እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣውና የፈቃድ ግዴታውን በ2022 ማስከበር የጀመረው ሕግ፣ ባለቤቱ በቤቱ የሚኖር መሆኑን ይጠይቃል። ለዚህ የሚቀርበው ማስረጃ ሆምስቴድ የሚባለው የንብረት ግብር ቅናሽ ሲሆን፣ ቅናሹ ለአንድ መኖሪያ ብቻ የሚሰጥ በመሆኑ ኮንዶው ሌላ ሰው ቢያስተዳድርልዎትም ከዚህ ውጭ ነው። ለረጅም ጊዜ ተከራይ ሊሰጡት ይችላሉ፤ ሆኖም ለዚያም የኪራይ ፈቃድ ማውጣት አለብዎ፣ የዲሲ ተከራይ ደግሞ የውሉ ዘመን ስላለቀ ብቻ ልቀቅ አይባልምና ቁልፍ ከማስረከብዎ በፊት ቢያስቡበት ይሻላል።

ቤዝመንቱን እርስዎ በቤቱ እያሉ ካከራዩት የሌሊት ገደብ የለበትም። የሚያስቸግረው የክረምቱ ጉዞ ነው። ባለቤቱ በሌለበት ለሚከራይ ቤት የተለየ ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር ባለው አንድ ዓመትም ከ90 ሌሊት በላይ ማከራየት አይቻልም። የሚቆጠሩት እንግዳ ያደረባቸው ሌሊቶች እንጂ እርስዎ የራቁባቸው ቀናት አለመሆናቸውን ልብ ይበሉ፤ ስለዚህ አራት ወር ቢቆዩም ቤቱ በየመሐሉ ባዶ ከዋለ ከገደቡ ላያልፉ ይችላሉ። ከገደቡ በላይ ለማከራየት ልዩ ፈቃድ የሚጠየቀው ሥራ ወይም ሕክምና ከቤት ሲያርቅ ነው፤ ዘመድ ጥየቃ ከዚህ አይመደብም።

ፈቃዱን የሚሰጠው የከተማው የፈቃድና የሸማቾች ጥበቃ መሥሪያ ቤት ነው። ከ250,000 ዶላር የማያንስ የተጠያቂነት ኢንሹራንስ ይጠየቃሉ፤ የቤትዎ መደበኛ ኢንሹራንስ ግን የንግድ ኪራይን ብዙ ጊዜ ስለማይሸፍን ከኩባንያው ጋር በጽሑፍ ቢነጋገሩ መልካም ነው። የፈቃዱ ቁጥር በማስታወቂያዎ ላይ መውጣት አለበት፤ ያለ ቁጥር ማስታወቂያ ማውጣት ቅጣት ያስከትላል። የእንግዳ ማደሪያ ግብሩን ኤርቢኤንቢ ከእንግዳው ሰብስቦ ለከተማው ያስገባል፤ የገቢ ግብሩን ግን ራስዎ ያስታውቃሉ።