ባሕር ከሌለበት አገር የባሕር ኤሊ ጥበቃ ሥራ፦ ከየት ይጀመራል?

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር የምማር የሦስተኛ ዓመት የባዮሎጂ ተማሪ ነኝ። ሌዘርባክ የሚባለውን ግዙፍ የባሕር ኤሊ ጥበቃ ላይ መሥራት እመኛለሁ። መጀመሪያ ጠልቆ መዋኘት ልማር?

ምላሽ፦ እህታችን፣ መዋኘቱ ይቆይሽ። ወደ ዳርቻ የምትወጣው እንቁላል የምትጥለው ሴቷ ናትና የመስኩ ሥራ በአብዛኛው በሌሊት፣ አሸዋ ላይ ነው።

ሌዘርባክ እንደ ሌሎቹ ኤሊዎች እንደ ድንጋይ የጠነከረ የጀርባ ልባስ የላትም፤ ጀርባዋ ሰባት ሸንተረር ያለው ቆዳ ነው። ብዙ ጊዜ ከ300 እስከ 500 ኪሎ ትመዝናለች። መጣል እስክትጀምር አትጠጊያት፤ ከደነገጠች ሳትጥል ትመለሳለች። ከጀመረች በኋላ በቀይ መብራት፣ የልብስ ሰፊ በሚመስል ሜትር፣ ከመካከለኛው ሸንተረር ጎን ርዝመቷን ትለኪያለሽ፤ መለያ ቁጥሯን ታነቢያለሽ። ቀጥሎ የእንቁላሉ ቆጠራ ነው። 80 ያህል አስኳል ያላቸውን ትጥልና ትናንሽ፣ አስኳል የሌላቸውን ትጨምርበታለች። ሁለቱን ሳይለይ የሚመዘግብ ጀማሪ የመፈልፈሉን ስሌት ያበላሻል።

ማዕበል የሚደርስበት እንቁላል የግድ ከተዛወረ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ፣ ሳይገላበጥ ነው። ፅንሱ ከውስጠኛው ሽፋን ጋር ከተጣበቀ በኋላ ማዞር ይገድለዋል። ጉድጓዱ ከ70 ሴንቲ ሜትር አይነስ፤ ላይ ላዩ አሸዋ ይሞቃል፣ ከ29.5 ዲግሪ ገደማ ሲያልፍ ደግሞ የሚፈለፈሉት በአብዛኛው ሴቶች ይሆናሉ።

ይህን ሁሉ ዳርቻ ላይ ያሠለጥኑሻል። እኛ የምንመክርሽ የአሣ መረብን እንድታውቂ ነው። ኤሊዋ የምትተነፍሰው አየር ስለሆነ መረብ ከያዛት ትሰምጣለች፤ በካሪቢያን ባሕር ባለችው የትሪኒዳድ ደሴት ላይ ሊጥሉ የመጡት ሳይቀሩ በአሣ መረብ ይጠመዳሉ። አንቺ ደግሞ ጣና አጠገብ ነሽ! የመመረቂያ ጽሑፍሽን ከአስጋሪዎቹ ጋር ሥሪ፦ የመረቡን ርዝመት፣ የዓይኑን (የቀዳዳውን) ስፋት፣ የተጣለበትንና የተነሣበትን ሰዓት፣ ሳይፈለግ የገባውን ጨምሮ የተያዘውን ሁሉ መዝግቢ። ባዶ የወጣውንም ጻፊ፤ እሱን ከዘለልሽ አሣው ካለው በላይ የበዛ ይመስላል። መረጃውን «አር» (R) በሚባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ተንትኚው። እንዲህ ያለ ሥራ ከመዋኘት የምስክር ወረቀት ይልቅ ሲቪሽን ያስነብባል።

የትሪኒዳድ ወቅት ከመጋቢት እስከ ነሐሴ ነው። በደቡብ አፍሪካና በሞዛምቢክ ድንበር አካባቢ ከጥቅምት ይጀምራል፤ የደቡብ ምዕራብ ሕንድ ውቅያኖስ ሌዘርባክ ለመጥፋት እጅግ የተቃረበ ተብሎ ስለተመዘገበ ቀልባችን ወደዚያ ያደላል። ቪዛ ጊዜ ይወስዳልና ስድስት ወር ቀድመሽ አመልክቺ። ብዙ ፕሮጀክቶች በጎ ፈቃደኛን ያስከፍላሉ፤ «የምርምር ረዳት» የሚሉትን ፈልጊ፤ ማደሪያና ምግብ ማን እንደሚችልሽ በጽሑፍ ሳይሰጡሽ ትኬት አትቁረጪ።