ገላን አካባቢ ቤት መሥራት ወይስ የተሠራ መግዛት?

ወንድማችን «ገላን አካባቢ 200 ካሬ ላይ ቪላ ልሥራ ወይስ የተሠራ ልግዛ? በካሬ ስንት ልያዝ?» ብለው ለጠየቁት፣ በዚያው አቅጣጫ ሠርቼ የገባሁ ሰው ስለሆንኩ የማውቀውን ልጻፍ።

በካሬ የሚነገርዎት ዋጋ አብዛኛውን ጊዜ ከግሬድ ቢም (ግድግዳው ከሚቆምበት ከመሠረቱ በላይ ካለው የአርማታ ማሰሪያ) በላይ ያለውን ብቻ የሚመለከት ነው። ከአቃቂ እስከ ገላን ያለው ሜዳ ግን በብዛት ጥቁር አፈር ነው፤ ክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። ስለዚህ አፈሩ ተቆፍሮ ወጥቶ፣ በሲኖትራክ ተጭኖ ተደፍቶ፣ በምትኩ ገረጋንቲ (የማያብጥ ጠጠራማ አፈር) በየንብርብሩ እየተጠቀጠቀ መሞላት አለበት። የእኔ ቤት ገና ብሎኬት ሳይደረደር ከያዝኩት ገንዘብ ሲሶው መሬት ውስጥ ገብቷል። «አፈሩን ሳናወጣ ድንጋይ እንጨምርበት» የሚል ግንበኛ አይጠፋም፤ እንደዚያ የተሠራ ጎረቤት ቤት ወለሉ ተነሥቶ፣ ግድግዳው ከመስኮቱ ማዕዘን ጀምሮ በሰያፍ ሲሰነጠቅ አይቻለሁ። የአፈር ምርመራ ሳያስደርጉ ከማንም ጋር ዋጋ አይቁረጡ።

ዕቃ ራስዎ የሚያቀርቡ ከሆነ ፌሮውን (የአርማታ ብረቱን) ቆጥረው ብቻ ሳይሆን መዝነው ይረከቡ። 12 ሜትር ርዝመት ያለው ባለ 12 ሚሊ ሜትር ፌሮ አንዱ ቤርጋ 10.6 ኪሎ ገደማ መሆን ሲገባው፣ እኛ ሰፈር የወረደ አንድ ጭነት ሲመዘን ዘጠኝ ተኩል እንኳ አልሞላም ነበር። ሲ-25 ለሚባለው የጥንካሬ ደረጃ አርማታም በሜትር ኩብ 360 ኪሎ ሲሚንቶ፣ ማለትም ሰባት ከረጢት ያህል ይገባል፤ በአምስት «ይበቃል» ከሚል ፎርማን ይጠንቀቁ። ፊኒሺንጉን በዛሬ ዋጋ አያስሉት፤ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ሴራሚክ፣ የኤሌክትሪክ ገመድና የመታጠቢያ ቤት ዕቃ ዋጋቸው ሲረጋ አላየሁም።

የተሠራ የሚገዙ ከሆነ አጥሩ፣ ሴፕቲክ ታንኩ፣ የውኃ ታንከሩና ቆጣሪው በዋጋው ውስጥ መግባታቸውን በውሉ ላይ ያስጽፉ። አካባቢው አዲስ አበባና ሸገር ከተማ የሚዋሰኑበት በመሆኑ ካርታው የየትኛው አስተዳደር እንደሆነ ቢሮው ድረስ ሄደው ያረጋግጡ፤ ቦታው የሊዝ ከሆነም ያልተከፈለው ቀሪ ስንት እንደሆነ በዚያው ይጠይቁ።

በየቀኑ ሥራው ላይ መቆም የሚችል ሰው ካለዎት መሥራቱን እመርጥልዎታለሁ። ከሌለዎት ግን የተሠራውን ይግዙ፤ ቢያንስ ሁለት ክረምት ያለፈበት ይሁን፣ ቀለም ሳይታደስም ይዩት።