የዋይፋይ ድራይቨር ቻናልንና ፍጥነትን እንዴት ያስመዝግብ? ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ለአንድ የዋይፋይ ቺፕ በሊኑክስ ላይ ድራይቨር (ስርዓቱ ቺፑን የሚቆጣጠርበት ፕሮግራም) እየጻፍኩ ነው። ቻናሎችን በቁጥራቸው ብመዘግባቸው ምን ችግር አለው?

መልስ፦ ቁጥሩ ብቻውን ቻናሉን ለይቶ አያሳውቅም። በ2.4 ጊጋኸርዝ ባንድ ቻናል 1 የሚባለው 2412 ሜጋኸርዝ ሲሆን፣ በ6 ጊጋኸርዝ ባንድ ግን 5955 ሜጋኸርዝ ነው። በአንድ ባንድ ውስጥ እንኳ ስሌቱ ወጥ አይደለም፤ ከ1 እስከ 13 ያሉት በ5 ሜጋኸርዝ ልዩነት ሲደረደሩ፣ በጃፓን ብቻ የተፈቀደው ቻናል 14 ከ13ኛው በ12 ሜጋኸርዝ ርቆ 2484 ላይ ይገኛል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ቻናል ማዕከላዊ ፍሪኩዌንሲውን በሜጋኸርዝ ያስመዝግቡ፤ ቺፑ የራሱ መለያ ቁጥር ካለው ለዚሁ በተዘጋጀው የሃርድዌር መስክ ያስቀምጡት። የቀድሞው የሊኑክስ ዋይፋይ ማዘዣ ስርዓት፣ ዋየርለስ ኤክስቴንሽንስ፣ ከ1000 በታች የሆነውን እሴት እንደ ቻናል ቁጥር፣ ከዚያ በላይ ያለውን እንደ ፍሪኩዌንሲ ይወስድ ነበር። አንድ መስክ ሁለት ትርጉም መሸከሙ ለስህተት በር የሚከፍት ንድፍ በመሆኑ፣ ወደዚያ መመለስ ተገቢ ነው ብዬ አላምንም።

ጥያቄ፦ የፍጥነት ሠንጠረዡስ? 5.5 ሜጋቢት ሙሉ ቁጥር ባለመሆኑ ተቸግሬአለሁ።

መልስ፦ በማክ80211፣ ማለትም ብዙ የዋይፋይ ድራይቨሮች በጋራ በሚጠቀሙበት የሊኑክስ ክፍል፣ የፍጥነት መለኪያው 100 ኪሎቢት በሰከንድ ስለሆነ 5.5 ሜጋቢት 55፣ 54 ሜጋቢት ደግሞ 540 ተብሎ ይጻፋል። ይልቅ ብዙ ጥንቃቄ የሚሻው የሠንጠረዡ ተራ ቁጥር ነው። በ2.4 ጊጋኸርዝ አራቱ የ802.11ቢ (የቀድሞ የዋይፋይ ደረጃ) ፍጥነቶች፣ ማለትም 1፣ 2፣ 5.5 እና 11፣ ቀድመው ስለሚመጡ ከ0 ሲቆጠር የ6 ሜጋቢት ተራ ቁጥር 4 ይሆናል፤ እነዚህ በሌሉበት በ5 ጊጋኸርዝ ግን ቆጠራው ከ6 ሜጋቢት ስለሚጀምር ተራ ቁጥር 4 ማለት 24 ሜጋቢት ነው። ቺፑ በሁለቱም ባንድ አንድ ዓይነት ተራ ቁጥር የሚሰጥ ከሆነና ድራይቨሩ በ5 ጊጋኸርዝ የተቀበለውን ፍሬም (የመረጃ እሽግ) ሲያስታውቅ ከተራ ቁጥሩ አራቱን ካልቀነሰ፣ በ6 ሜጋቢት የመጣው በ24 እንደመጣ ይቆጠራል፤ ግንኙነቱ ስለማይቋረጥም ስህተቱ ሳይታወቅ ሊቆይ ይችላል። ከ802.11ኤን ጀምሮ የመጡት ፍጥነቶች ግን በዚህ ሠንጠረዥ አይዘረዘሩም፤ በኤምሲኤስ ቁጥር (የሞዱሌሽንና የኮዲንግ ዓይነት መለያ)፣ በቻናሉ ስፋትና በጋርድ ኢንተርቫሉ (በተከታታይ ምልክቶች መካከል ባለው ክፍተት) ይገለጻሉ።

ጥያቄ፦ ለእያንዳንዱ ፓኬት ፍጥነቱን ድራይቨሩ ይምረጥ?

መልስ፦ ፈርምዌሩ (በቺፑ ውስጥ የሚሠራው ፕሮግራም) ራሱ የማይመርጥ ከሆነ የማክ80211 ፍጥነት መራጭ ለሆነው ለሚንስትረል ይተዉት። ሚንስትረል በየደረጃው የሚሞከሩ ፍጥነቶችን ከሙከራ ብዛታቸው ጋር ይሰጥዎታል፤ የድራይቨሩ ኃላፊነት የትኛው ፍጥነት ስንት ጊዜ እንደተሞከረና ማረጋገጫው መድረስ አለመድረሱን በታማኝነት መመለስ ነው። ይህ መረጃ ከተዛባ ሚንስትረል የሚማረው ሁሉ የተዛባ ይሆናል።

ጥያቄ፦ በአገሬ የማይፈቀዱትን ቻናሎች ከዝርዝሩ ላውጣ?

መልስ፦ አያውጡ። ቺፑ የሚችለውን ሁሉ ያስመዝግቡ፤ በአሜሪካ እስከ 11፣ በአውሮፓ እስከ 13 የሚለውን ገደብ የሊኑክስ የዋይፋይ ማዋቀሪያ ክፍል የሆነው ሲኤፍጂ80211 በአገር ኮድ ያስፈጽማል። ራዳር በሚጋራቸው የ5 ጊጋኸርዝ ቻናሎች ላይ ግን አክሰስ ፖይንቱ ማሰራጨት ከመጀመሩ በፊት ቢያንስ ለ60 ሰከንድ ማዳመጥ ስላለበት፣ ቺፑ ራዳርን መለየት ካልቻለ እችላለሁ ብሎ እንዳያስመዘግብ አጥብቄ አሳስባለሁ።

ጥያቄ፦ ለ80 ሜጋኸርዝ ስፋትስ የትኛውን ፍሪኩዌንሲ ልጠቀም?

መልስ፦ ሁለቱንም። ዋናው ቻናል 36 ከሆነ ፍሪኩዌንሲው 5180 ነው፤ የሙሉው ስፋት ማዕከል ግን 5210 ነው። ከርነሉ (የሊኑክስ ዋና ክፍል) ሁለቱን ከስፋቱ ጋር በአንድ መዋቅር ስለሚያቀብል፣ ድራይቨሩ ማዕከሉን በራሱ ማስላት አያስፈልገውም።