የ6 ዓመት ልጅ ዊንድሰርፊንግ ይማራል?

ጥያቄ፦ ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ። የምኖረው ለገጣፎ ነው። ወንድሜ ከውጭ ሲመለስ የዊንድሰርፊንግ (ሸራ በተተከለበት ሰሌዳ ላይ ቆሞ በነፋስ ውሃ ላይ የመንሸራተት ስፖርት) ሰሌዳውንና ባለ 6 ካሬ ሜትር ሸራውን ይዞ መጣ። አሁን የ6 እና የ9 ዓመት ልጆቼ ካልተማርን እያሉ ቁም ስቅሌን እያሳዩኝ ነው። ዕቃው ይሆናቸዋል? ለገዳዲ ግድብ ቅርባችን ስለሆነ እዚያ ብንጀምርስ? (የሁለት ልጆች አባት)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ለገዳዲን እርሳው። አዲስ አበባ የሚጠጣው ውሃ ነው፣ ገፈርሳም እንደዚያው። አባ ሳሙኤል ደግሞ የከተማው ቆሻሻ በአቃቂ ወንዝ የሚገባበት ስለሆነ ልጅ አይነከርበትም። ቢሾፍቱ ውረዱ። ጊዜ ካላችሁ ላንጋኖ ይሻላል፣ ዳርቻው ቀስ እያለ ነው የሚጠልቀው። የቢሾፍቱው ባቦጋያ ሐይቅ ግን የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ነው። ጥልቀቱ ከ60 ሜትር ይበልጣል፣ ከዳር ትንሽ ገባ ስትል መሬቱ ከእግርህ ይጠፋል። ስለዚህ መጀመሪያ ዋና ይቻሉ፣ በልካቸው የሆነ ላይፍ ጃኬትም ይልበሱ። በዚህ ድርድር የለም።

ሰሌዳው ሰፊና ወፍራም የጀማሪ ሰሌዳ ከሆነ ጥሩ ነው፣ ልጅ ሲቆምበት አይዋልልም። አጭርና ቀጭኑ ከሆነ ይቅር። መሃሉ ላይ ወደ ውሃ የሚወርድ ክንፍ ካለው ደግሞ እሰየው፣ ነፋሱ ወደ ጎን እንዳይነዳው ይይዘዋል።

ዋናው ችግር ሸራው ነው። ባለ 6 ካሬው ከነምሰሶውና ከነመያዣው ወደ 10 ኪሎ ይጠጋል፣ ውሃ ላይ ሲተኛ ደግሞ ውሃው ራሱ ይጫነዋል፣ እና 20 ኪሎ የሚመዝን ልጅ ያንን በገመድ ጎትቶ እንዲያነሳ መጠበቅ ግፍ ነው። ሁለቴ ሞክሮ ወገቡን አሞት ስፖርቱን ይጠላል። ለትንሹ ከ1 እስከ 1.5፣ ለትልቁ 2 ካሬ ሜትር ገደማ ይበቃል። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካለ የልጆች ሸራ አስመጣ። ከሌለ ድንኳን የሚሰፋ ሰው በጃንጥላ ጨርቅ ሊሰፋልህ ይችላል፣ ለምሰሶ ቀርከሃ ይሆናል። ምሰሶውንና ሰሌዳውን የሚያገናኘውን ተጣጣፊ ጎማ ግን በቤት ሥራ አትተካው፣ የወንድምህን ተጠቀም። እጅ መያዣው ዘንግ ቀጭን ይሁን፣ ከፍታው በልጁ ደረትና ትከሻ መሃል።

ነፋሱን በቅጠል እየው። ቅጠል ከተወዛወዘ ይበቃል፣ ማዕበሉ ነጭ አረፋ ካወጣ ግን ልጆቹን አስወጣ። ቢሾፍቱ 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፣ ያው ነፋስ ከባሕር ዳርቻው ያነሰ ነው የሚገፋው፣ ለጀማሪ ልጅ ደግሞ ይህ ጥቅም ነው። ጠዋት ከ3 እስከ 5 ሰዓት ሞክሩ፣ ከሰዓት ይበረታል። ከሁሉ በላይ አቅጣጫውን ተመልከት። ነፋሱ ከሐይቁ ወደ አንተ ይምጣ። ከጀርባህ ሲመጣ ገደሉ ስለሚከልልህ ዳር ላይ ጸጥ ያለ ይመስላል፣ ልጁ ግን ትንሽ ራቅ ሲል ወደ መሃል ይዞት ይሄዳል። ለዚህ ነው የሰሌዳውን ጭራ በ15 ሜትር ገመድ አስረህ ጫፉን አንተ የምትይዘው።

ትምህርቱ ሣር ላይ ይጀመር፦ መቆም፣ ሸራ ማንሳት፣ መልቀቅ። አዎ፣ መልቀቅ። ልጆች ሲፈሩ መያዣውን ጭምቅ ያደርጋሉ፣ ሸራውም ይዟቸው ይወድቃል፤ «ከፈራህ ልቀቅ» የሚለውን ደጋግመው ይለማመዱ። ሸራው ከላያቸው ቢወድቅ በእጃቸው ሽቅብ ገፍተው አየር የሚያገኙበት ቦታ እንዲከፍቱ፣ ከዚያ በአንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲወጡ ጥልቀት በሌለው ውሃ አሳያቸው። የሆነው ቢሆን ሰሌዳውን ትተው አይዋኙ።

ለትንሹ በአንድ ጊዜ 20 ደቂቃ ይበቃዋል። ከንፈሩ ከጠቆረ «አልበረደኝም» ቢልም አትስማው። በክረምት ደግሞ ነጎድጓድ ከሰማችሁ ወዲያው ውጡ፣ ቆሞ የሚታየው ምሰሶ መብረቅ ይጠራል።