የቀድሞ ተማሪን ለማክበር ማንን እንምረጥ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

የትምህርት ዘመኑ ወደ ማብቂያው ሲቃረብ የግል ትምህርት ቤቶች ለወላጆች ቀንና ለምረቃ በዓል ይሰናዳሉ። በእነዚህ በዓላት ላይ ለስኬት የበቁ የቀድሞ ተማሪዎችን መድረክ ላይ ጠርቶ ማክበር እየተለመደ መጥቷል። በዚህ ዕትም በዚሁ ጉዳይ ከደረሱን ደብዳቤዎች ሦስቱን መርጠናል፤ የጸሐፊዎቹንም ሆነ የትምህርት ቤቶቹን ስም አላወጣንም።

ጥያቄ፦ ሐዋሳ ከተማ በሚገኝ አንድ የግል ትምህርት ቤት ምክትል ርእሰ መምህር ነኝ። ትምህርት ቤታችን በ1993 ዓ.ም. በአጸደ ሕፃናት ተጀምሮ ደረጃ በደረጃ እስከ 12ኛ ክፍል ያደገ ሲሆን፣ ዘንድሮ 25ኛ ዓመቱን ይዟል። ባለቤቱ በሰኔ በሚደረገው የወላጆች ቀን ዐሥር የቀድሞ ተማሪዎች ካባ እንዲለብሱና ፎቶግራፋቸው በምዝገባ ሰሞን በትልቅ ሰሌዳ አደባባይ ላይ እንዲሰቀል ይፈልጋሉ። እኔም ያለሁበት ኮሚቴ ያዘጋጀው ዝርዝር ሐኪሞችን፣ መሐንዲሶችን፣ አንድ አብራሪን፣ ውጭ አገር የሚኖሩ ሦስት ሰዎችንና አንድ አስመጪ ነጋዴን የያዘ ነው። እኔ ሁለት ሰዎች እንዲጨመሩ ሐሳብ አቅርቤ ነበር። አንዷ በገጠር ቀበሌ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ናት፤ ሌላው ከ10ኛ ክፍል ወደ ቴክኒክና ሙያ ገብቶ ዛሬ የኤሌክትሪክ ዕቃ የሚጠግንበት የራሱ ወርክሾፕ አለው። «እነዚህን ብናከብር ወላጅ ምን ይለናል?» የሚል መልስ ተሰጠኝ። በምን መስፈርት ብንመርጥ ይሻላል?

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂያችን፣ ከደብዳቤዎ እንደተረዳሁት ኮሚቴያችሁ ሁለት ሥራዎችን በአንድ ጊዜ ተሸክሟል፤ አንደኛው ሰውን ማክበር ነው፣ ሁለተኛው አዲስ ተማሪ ማስመዝገብ ነው። የግል ትምህርት ቤት ከወላጅ በሚሰበሰብ ክፍያ የሚተዳደር ተቋም ነውና ራሱን ቢያስተዋውቅ ነውር የለበትም። ይሁን እንጂ ሁለቱ በአንድ ሰሞንና በአንድ ሰሌዳ ላይ ሲገናኙ ማስታወቂያው ክብሩን ይውጠዋል፤ «ማን ይገባዋል?» የነበረው ጥያቄም «ማን ተማሪ ያመጣልናል?» ወደሚለው ይለወጣል። መምህርቷ ከዝርዝሩ የቀረችው በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል። ስለዚህ ባለቤቱ ፈቃደኛ ከሆኑ የክብር በዓሉን ከሰኔ አውጥታችሁ፣ የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ተጠናቅቆ ሁለተኛው ወደሚጀመርበት ወደ መጪው የካቲት ብታዛውሩት እመርጣለሁ። ምዝገባውና በዓሉ ይለያያሉ፤ ኮሚቴውም ስለ ሰዎቹ በቂ ነገር የሚያሰባስብበት ጊዜ ያገኛል።

«ወላጅ ምን ይለናል?» ለሚለው፣ በዚያ አዳራሽ ከወላጆች ጎን የሚቀመጡት ተማሪዎች የሚሰሙትንም ማሰብ ያስፈልጋል። የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ቅጥር ግቢ በተሰጠበት ጊዜ ከግማሽ በላይ ያመጡት በአገር ደረጃ ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 ሆነዋል። የእናንተ ትምህርት ቤት ውጤት ከዚህ እጅግ የተሻለ እንኳ ቢሆን፣ በአዳራሹ ከሚቀመጡት ልጆች ብዙዎቹ ሐኪምም አብራሪም አይሆኑም። መድረኩ ላይ የሚወጡት እነዚህ ብቻ ከሆኑ፣ የቀረው ልጅ ያደገበት ትምህርት ቤት ነገ እንደማያስታውሰው ገና በ15 ዓመቱ ይረዳል ማለት ነው። ይህን መልእክት ለልጁ እንዲተላለፍለት ከፍሎ የሚያስተምር ወላጅ አላውቅም። የገጠሯ መምህርት ቆማ ስለ ክፍሏ ስትናገር ከሰሙ በኋላ ቅር ብሏቸው የሚወጡ ወላጆች ይኖራሉ ብዬም አላምንም።

ስለ ወርክሾፑ ባለቤት ያነሡት ነገር ሌላ መሠረታዊ ጥያቄ ያስከትላል፤ «የቀድሞ ተማሪ» የምንለው ማንን ነው? የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና እስከ 2011 ዓ.ም. ድረስ በሚሰጥበት ዘመን የመሰናዶ መግቢያ ነጥብ ያላገኘ ተማሪ ወደ ቴክኒክና ሙያ ይሄድ ነበር። እነዚህ ልጆች ከአጸደ ሕፃናት ጀምሮ ዐሥራ ሁለት ወይም ዐሥራ ሦስት ዓመት በአንድ ቅጥር ግቢ ቢያሳልፉም፣ በ12ኛ ክፍል የምረቃ መጽሔት ላይ ስማቸውም ፎቶግራፋቸውም የለም። ኮሚቴው እጩ የሚፈልገው ከምረቃ መጽሔቶች ከሆነ እነሱን ጨርሶ አያገኛቸውም። በአንጻሩ 11ኛ ክፍል ገብቶ ሁለት ዓመት ብቻ የተማረው ልጅ በሙሉ ገጽ ይገኛል። መዝገብ ቤት ገብታችሁ የየዓመቱን የተማሪዎች ስም መቆጣጠሪያ እንድትመለከቱ እመክራለሁ፤ አድካሚ ሥራ ነው፣ ግን ሌላ መንገድ የለውም።

ዕድሜንም አትርሱ። የደርግ መንግሥት የግል ትምህርት ቤቶችን ወደ ሕዝብ ይዞታ ካዞረ በኋላ ዘርፉ ዳግም የተስፋፋው ከ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ በመሆኑ፣ ዛሬ የምናያቸው አብዛኞቹ የግል ትምህርት ቤቶች ወጣት ናቸው። በ1939 ዓ.ም. የተከፈተውና በጣሊያን ወረራ ዘመን በወደቁት አርበኛ በደጃዝማች ገብረ ማርያም ጋሪ ስም የሚጠራው ሊሴ ገብረ ማርያም፣ የቀድሞ ተማሪው ሳህለወርቅ ዘውዴ በጥቅምት 2011 ዓ.ም. የአገሪቱ የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት ሆነው ሲመረጡ ለማየት ከ70 ዓመት በላይ ኖሯል። የ25 ዓመት ትምህርት ቤት ያስተማራቸው ልጆች በዕድሜ ትልልቆቹ እንኳ ገና የሠላሳዎቹ ዕድሜ ላይ ናቸው። ስለዚህ የሕይወት ዘመን ሥራ እየፈለጋችሁ አትድከሙ፤ ቀላሉ መፍትሔ ሀብትና ዝና ይመስላልና ወደዚያ መሳባችሁ አይቀርም። በ28 ዓመቷ በጀመረችው ሥራ ጸንታ የቆየች፣ በእጇ ያለውን በሚገባ የያዘች ሴት ካገኛችሁ እሷ ትበቃለች።

ለአመራረጡ እንዲህ ብታደርጉ ይጠቅማል። ጥቆማውን ለኮሚቴው ብቻ አትተዉት፤ የክፍል ኃላፊ የነበሩ መምህራንን፣ የጽዳትና የጥበቃ ሠራተኞችን፣ በተለይም አብረው የተማሩትን ጠይቁ። ጠቋሚው ሁሉ ከስሙ ጋር አንድ የሚያውቀውን ነገር በጽሑፍ ያስፍር፤ «ጎበዝ ነው» የሚል ጥቆማ አይቆጠርም። ዘመዱ የታጨ የኮሚቴ አባል በዚያ ሰው ጉዳይ ላይ ድምፅ ከመስጠት ይታቀብ። «ዶክተር» ወይም «ኢንጂነር» ብላችሁ የምትጠሩትን ሰው ማስረጃውን በትሕትና ጠይቁ፤ ለውጭ አገር የትምህርት ማስረጃ አቻ ግምት የሚሰጠው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው። ይህን ስትጠይቁ የሚቀየም ሰው ቢያጋጥም እንኳ በልጆች ፊት ሐሰት ከማንበብ ይሻላል። በመጨረሻም ስሙን በመርሐ ግብሩ ላይ ከማተማችሁ በፊት ሰውየውን ፈቃዱን ጠይቁት፤ አልፈልግም ካለ በዚሁ ይብቃ።

አሁን ከሁሉ በላይ ወደምጨነቅበት ነገር ልምጣ፤ እሱም በመድረኩ ላይ የሚነበበው ቃል ነው። ከዓመታት በፊት በአንድ ትምህርት ቤት በዓል ላይ ተጋብዤ ስድስት የቀድሞ ተማሪዎች ካባ ሲለብሱ አይቻለሁ። የመድረክ መሪው ለስድስቱም ያነበበው አንድ ዓይነት ዐረፍተ ነገር ነበር፤ «በተሰማሩበት መስክ ለአገራቸው ከፍተኛ አስተዋጽኦ ያበረከቱ» የሚል። ከአጠገቤ የተቀመጡ አንድ ጡረተኛ መምህር ሦስተኛው ሰው ሲወጣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «ይህ ልጅ 9ኛ ክፍል ሳለ ጓደኛው ታሞ ተኝቶበት የየቀኑን ኖት በእጁ እየገለበጠ ቤቱ ድረስ ያደርስለት ነበር» አሉኝ። ከዚያ በዓል በትዝታዬ የቀረው ይህ ብቻ ነው፤ ማይክሮፎኑ ዘንድ ግን አልደረሰም። መምህሩንም ማንም ከወንበራቸው አላስነሣቸውም።

ለእያንዳንዱ ተከባሪ አንድ ገጽ ያህል ጻፉ። ገጹን ልጁን ያስተማረው መምህር ያዘጋጀው፤ የሚቻል ከሆነም እሱ ራሱ ያንብበው። በትምህርት ቤት ሳለ ምን ይሠራ እንደነበር፣ ሚኒ ሚዲያ ላይ ዜና ያነብ ወይም በቤተ ሙከራ ያመሽ እንደሆነ፣ የት እንደተቸገረና ማን እንደደገፈው፣ ዛሬ ደግሞ ቀኑን በምን ሥራ እንደሚያሳልፍ በግልጽ ይነገር። ክፍል የደገመበት ዓመት ካለ፣ ሰውየው ከፈቀደ ያም ይነገር፤ በዚያ አዳራሽ ውስጥ ዘንድሮ የሚደግም ልጅ አለ። ካባውን አልቃወምም፤ ነገር ግን ለአንድ ቀን ተለብሶ ከሚቀመጥ ካባ ይልቅ የዶርዜ ሸማኔ የሠራው ጋቢ ዓመቱን ሙሉ ትከሻ ላይ ይውላል። ረጅም ንግግር እንዲያደርጉ ከመጠየቅም ከበዓሉ በፊት ባለው ቀን እያንዳንዱ ተከባሪ በአንድ ክፍል አንድ ክፍለ ጊዜ፣ 40 ደቂቃ ያህል፣ ከተማሪዎች ጋር እንዲቀመጥ አድርጉ። ልጆች በአደባባይ የማይጠይቁትን እዚያ ይጠይቃሉ።

ጥያቄ፦ የምኖረው አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። አዲስ አበባ ከተማርኩበት የግል ትምህርት ቤት ለክብር ሽልማት መመረጤን የሚገልጽ ደብዳቤ ደረሰኝ። ደስታዬ ሳይቆይ ሁለተኛውን ገጽ አነበብኩ፤ የባንክ ሒሳብ ቁጥርና «ወርቅ፣ ብር፣ ነሐስ» ተብሎ የተመደበ የመዋጮ ደረጃ ሰፍሮበታል። ትምህርት ቤቴን እወዳለሁ። አባቴ በሞተበት ዓመት፣ 7ኛ ክፍል ሳለሁ፣ ክፍያዬን ሰርዘው ያለ ምንም ዕዳ አስተምረውኛል። ሆኖም ክብሩን እየገዛሁት መስሎ ተሰማኝ። እምቢ ብል ውለታ ቢስ እሆናለሁ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አይሆኑም። ቅር መሰኘትዎ ልክ ነው፤ ደብዳቤውን የጻፉት ሰዎች በክፋት ያደረጉት ባይሆን እንኳ ሁለቱን ገጾች በአንድ ፖስታ መላካቸው ስሕተት ነው። ዝም ብለው ከሚቀሩ ግን እባክዎ መልስ ይጻፉላቸው። በ7ኛ ክፍል የተደረገልዎትን በዝርዝር አንሥተው ያመስግኑ፤ ምናልባት ዛሬ ያሉት ኃላፊዎች ይህን ታሪክ አያውቁትም። ቀጥለው ሽልማቱን በዚህ ዓመት ለመቀበል እንደሚቸገሩና ምክንያቱም መዋጮው አብሮ መቅረቡ እንደሆነ ሳያድበሰብሱ ይንገሯቸው።

መስጠት ከፈለጉ ደግሞ ስጦታዎ ከመድረኩ ተለይቶ፣ ወላጁን ላጣ አንድ ተማሪ ክፍያ እንዲውል በጽሑፍ ይወስኑት፤ ለእርስዎ የተደረገው ይኸው ነበርና። ከክፍል ጓደኞችዎ ጋር ይህን በቋሚነት ለመያዝ ካሰባችሁ በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት አምስትና ከዚያ በላይ ሰዎች ማኅበር ማቋቋም ይችላሉ፤ ጠቅላላ ጉባኤ፣ ኦዲትና የራሱ ሒሳብ ያለው የቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር በግለሰብ ስም ከሚላክ ገንዘብ እጅግ የተሻለ ዋስትና አለው።

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር ነው የምኖረው። ፎቶግራፌ በአንድ የግል ትምህርት ቤት አጥር ላይ «የልፋታችን ፍሬ» ከሚል ጽሑፍ ጋር ተሰቅሎ አየሁት። እዚያ የተማርኩት 12ኛ ክፍልን ብቻ ነው፤ ከ1ኛ እስከ 11ኛ ክፍል በመንግሥት ትምህርት ቤት ነበርኩ። ማንም አልጠየቀኝም። ልቃወም እችላለሁ?

መልስ፦ ይችላሉ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የአንድ ሰው ፎቶግራፍ ወይም ምስል ያለ ፈቃዱ በሕዝብ ቦታ ሊለጠፍ እንደማይገባ ይደነግጋል፤ አሁን ደግሞ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለ። ወደ ክስ ከመሄድዎ በፊት ለርእሰ መምህሩ አጭር ደብዳቤ ጽፈው ቀኑን ቆርጠው እንዲያነሡት ይጠይቁ፤ በደብዳቤው ቅጂ ላይም «ተቀብለናል» ብለው እንዲፈርሙልዎ አድርገው ቅጂውን ይያዙ። በዚያ አንድ ዓመት ያገዘዎት መምህር ካለና ምስልዎ እዚያ መታየቱን በመርህ የማይጠሉት ከሆነ፣ ሌላ አማራጭ ሊያቀርቡላቸው ይችላሉ፤ ጽሑፉ እንዲቀየርና ዐሥራ አንድ ዓመት ያስተማረዎት የመንግሥት ትምህርት ቤት ስም ከእነሱ ስም በላይ እንዲጻፍ ይጠይቋቸው።