እኛ መች ዘመናዊ ሆንን? ከኮዬ ፈጬ የመጡ ጥያቄዎች

ቅዳሜ ከሰዓት ኮዬ ፈጬ፣ በብሎካችን ኮሚናል ተሰብስበን ነበር። ሶሲዮሎጂ እንደማስተምር ጎረቤቶቼ ያውቃሉ። ስለ ሉላዊነት፣ ማለትም ዓለም በንግድ፣ በሥራና በባህል እየተሳሰረች ስለመሄዷ፣ ያሻችሁን ጠይቁኝ አልኳቸው። ጥያቄዎቹ ከጠበቅኩት በላይ ከበዱኝ።

ጥያቄ (ተማሪ)፦ መምህር፣ ሉላዊነት መቼ ነው የጀመረው?

መልስ፦ አሜሪካዊው የሶሲዮሎጂ ምሁር ኢማኑኤል ዋለርስታይን እ.ኤ.አ. በ1974 በጻፈው ሥራ ወደ 16ኛው ክፍለ ዘመን ይመልሰናል። አውሮፓ ዓለምን በአንድ ገበያ ማሰር የጀመረችው ያኔ ነው ይላል። መሃል ያሉት አገሮች ትርፉን ይሰበስባሉ፤ ዳር ያሉት ጥሬ ዕቃና ርካሽ ጉልበት ያቀርባሉ። እንግሊዛዊው የሶሲዮሎጂ ምሁር አንቶኒ ጊደንስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1990 ሉላዊነት የዘመናዊነት ውጤት ነው አለ። እኔ ቡናችንን ሳስብ ወደ ዋለርስታይን አደላለሁ። የአረቢካ ዋጋ መነሻው የኒውዮርክ ገበያ ነው። የጅማ ገበሬ ኒውዮርክን አይቷት አያውቅም።

ጥያቄ (ቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ የምትሰፋ ልጅ)፦ ይሄ ሁሉ እኔን ምን አገባኝ?

መልስ፦ እህቴ፣ ካንቺ በላይ የሚያገባው ሰው እዚህ የለም። እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ጀምሮ ኢትዮጵያ ከአጎዋ፣ የአፍሪካ ዕቃ ያለ ቀረጥ እንዲገባ ከሚፈቅደው የአሜሪካ ሕግ፣ ተሰረዘች። ያለ ቀረጥ አሜሪካ ይገባ የነበረው ልብስ ቀረጥ መጣበት። ውሳኔው ዋሽንግተን ተወሰነ፤ ስጋቱ እዚህ በየሼዱ ገባ። ማንም አንቺን አልጠየቀሽም።

ኡልሪሽ ቤክ የሚባል ጀርመናዊ የሶሲዮሎጂ ምሁር፣ የቼርኖቤል የኑክሌር ማመንጫ በፈነዳበት እ.ኤ.አ. በ1986፣ ይህን የሚመስል ነገር ጽፏል። ድሮ የኅብረተሰብ ጥያቄ ሀብቱን ማን ይካፈላል የሚል ነበር። አሁን ራሳችን የፈጠርነውን አደጋስ ማን ይሸከማል የሚለው ተጨመረ። እስከዚህ ትልቅ አሳቢ ነው። ግን ብክለት ሀብታምና ድሃ አይለይም ወደሚለው ያዘነብላል። እዚህ ላይ አልስማማም። የከተማውና የፋብሪካው ፍሳሽ በአቃቂ ወንዝ ቁልቁል ነው የሚወርደው። በዚያ ውኃ አትክልት የሚያጠጡት ከታች ያሉት ናቸው። አደጋም አድራሻ አለው።

ጥያቄ (ወጣት)፦ ባህላችንን አያጠፋውም?

መልስ፦ ሮላንድ ሮበርትሰን የሚባል የሶሲዮሎጂ ምሁር ዓለም አቀፉና አካባቢያዊው አብረው ነው የሚሠሩት ይላል። እንጀራችን እዚህ ተጋግሮ በአውሮፕላን አሜሪካ ይገባል። ስለዚህ መንገዱ በአንድ በኩል ብቻ አይደለም። ስፋቱ ግን እኩል አይደለም።

ጥያቄ (አንድ አዛውንት)፦ ልጄ፣ ከዘመናዊነት ወዲያ የሚባል ዘመን መጥቷል አሉ። እኛ መች ዘመናዊ ሆንን?

መልስ፦ አባባ፣ ሌሊቱን ሳስብበት ያደርኩት ይሄን ነው። ፈረንሳዊው ፈላስፋ ሊዮታር እ.ኤ.አ. በ1979 ሰው እንደ ዕድገትና ነፃነት ባሉ ታላላቅ ተስፋዎች ላይ እምነት አጣ አለ። የሶሲዮሎጂ ምሁሩ ማርቲን አልብሮው እ.ኤ.አ. በ1996 ዘመናዊው ዘመን አብቅቷል፣ አሁን ያለነው በሉላዊ ዘመን ነው አለ። ሌላው የሶሲዮሎጂ ምሁር ባውማን እ.ኤ.አ. በ2000 ሁሉም ነገር እንደ ፈሳሽ ሆኗል፣ ሥራውም ዝምድናውም አይረጋም አለ። እነዚህ ሰዎች ግን ፋብሪካውን፣ ጡረታውን፣ ማኅበሩን ሠርቶ ከጨረሰ አገር ሆነው ነው የጻፉት። የተሠራ ነው የሚፈርሰው።

እኛ ጋ ሁሉም ባንዴ መጣ። ከመጨረሻው ብሎክ ወዲያ በበሬ ጤፍ ይታረሳል። ወዲህ ውኃ በፈረቃ የሚመጣበት አራተኛ ፎቅ ላይ ልጅ በስልኩ ከዱባይ ጋር ይነግዳል። የሶሲዮሎጂ ምሁሩ አይዘንስታት ዘመናዊነት አንድ ሳይሆን ብዙ ነው ያለው ለእኛ ይቀርባል። ዘመናዊነት አልፏል የሚለውን አልቀበልም። እኛ ከሱ ገና የሚገባንን አልተቀበልንም።

ጥያቄ (እናት)፦ እድራችንስ ይጠፋል?

መልስ፦ እማማ፣ ጊደንስ ኑሮ ከቦታው ይነቀላል፣ ከዚያ ሌላ ቦታ ይተከላል ይላል። እርስዎ ከልደታ ሲነሱ የድሮውን እድር አልለቀቁም። ወርሃዊውን በቴሌብር ይልካሉ። ለቅሶ ሲሆን ሦስት ታክሲ ይዘው ይሄዳሉ። እዚህ ብሎክም ሌላ አቋቁማችኋል። እኔን የሚያሳስበኝ ኮንዶሚኒየሙ ሲሠራ ከዚህ መሬት የተነሡት አርሶ አደሮች ናቸው። የነሱም እድር እዚሁ ነበር። ስማቸው በእኛ መዝገብ ላይ አንድም የለም። በሚቀጥለው የእድር ስብሰባ ይሄን አነሣለሁ።